የመስኮት ጽዳት መሣሪያ፤ የዕቁቡን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

በዚህ በለንደን ከተማ ወደ ቢሮዬ እየመጡ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቁኝ ወገኖች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በርክተዋል። ገሚሱ ሚኒካብ የሚነዳ ነው፤ ገሚሱ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሌሊት የሚሠራ፤ ገሚሱም የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ነው። ጥያቄው ግን ይመሳሰላል። ‹‹ዕቁብ ደርሶኛል፤ የመስኮት ጽዳት ሥራ ልጀምር አስቤአለሁ። ቫኑን፣ የውኃ ታንከሩን፣ ማጣሪያውንና ዘንጉን አንድ ላይ ገጥሞ የሚሸጥ ድርጅት አግኝቻለሁ። ግማሹን አሁን ከፍዬ የቀረውን በሦስት ዓመት እከፍላለሁ። ሁሉም ነገር ከግብር ይቀነሳል ብለውኛል። ምን ትለኛለህ?››

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ እንጂ መስኮት አጽጂ አይደለሁም። ነገር ግን በዚህ ሥራ የተሰማሩ ደንበኞች ስላሉኝ የገዙበትን ደረሰኝ፣ ያስጠገኑበትን ደረሰኝ፣ አንዳንዴም በግማሽ ዋጋ መልሰው የሸጡበትን ወረቀት ዓመት በዓመት አያለሁ። መዝገባቸው የሚነግረኝን ይዤ አስተያየቴን ከመጀመሪያው በግልጽ ልናገር፤ ደንበኛ ሳይኖርዎ በቫን ላይ የተገጠመ ሙሉ መሣሪያ በዱቤ አይግዙ። በቅድሚያ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ጥሩ ዘንግና ለሚኖሩበት አካባቢ ውኃ የሚስማማ ማጣሪያ ነው። ታንከሩና ቫኑ ደንበኞችዎ ካስገደዱዎ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ሻጮቹ የሚያሳዩዎ ግን በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን ቫን፣ በመጨረሻ ‹‹ይኸም አብሮ ይሰጥዎታል›› እያሉ ዘንጉን።

ለነገሩ ሥራውን አልነቅፍም። በዚህ አገር የመኖሪያ ቤት መስኮት በየአራት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ይጸዳል፤ ደንበኛው ከለመደዎ ዓመታት አብሮዎ ይቆያል፤ ሌሊት አያሠራም። እንግሊዝ ውስጥ ልዩ ፈቃድ አይጠይቅም። ወደ ስኮትላንድ የሚሻገሩ ግን በ1982 በወጣው ሕግ መሠረት ከአካባቢው ካውንስል የመስኮት አጽጂነት ፈቃድ ማውጣት እንዳለባቸው ልብ ይበሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የድሮው መስኮት አጽጂ መሰላል ተሸክሞ፣ ባልዲ አንጠልጥሎ፣ ጎማ ባለው መጥረጊያ መስተዋቱን የሚያደርቅ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚታየው ከመሬት ሳይነሣ የሚሠራው ነው። እንደ ራዲዮ አንቴና አንዱ አንጓ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ረጅም ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ ብሩሽ ተገጥሟል፤ ቀጭን ጎማ በዘንጉ ውስጥ አልፎ ውኃ ወደ ብሩሹ ያደርሳል። ብሩሹ ያሻል፣ ውኃው ያለቀልቃል፣ መስተዋቱም ሳይወለወል በራሱ ይደርቃል። ፈረንጆቹ ‹ዋተር ፌድ ፖል› ይሉታል፤ እኔ ባለውኃ ዘንግ ልበለው። ለዚህ መስፋፋት አንዱ ምክንያት በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የከፍታ ሥራ ደንብ ነው። ደንቡ መሰላልን አልከለከለም፤ ሥራው ከፍታ ላይ ሳይወጡ ሊሠራ የሚችል ከሆነ ግን አትውጡ ይላል፤ ለራሱ የሚሠራውንም ሰው ይጨምራል። ይህ ቀልድ አይደለም። በዚህ አገር በሥራ ላይ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ሰዎች መካከል ከከፍታ የወደቁት ዋነኞቹ ናቸው። ስለዚህ ዘንጉን መግዛትዎ ትክክል ነው። ክርክሬ ከዘንጉ ጋር ሳይሆን አብሮት ከሚመጣው ጓዝ ጋር ነው።

እንግዲህ ከውኃው እንጀምር፤ ብዙ ገንዘብ ሳይታይ የሚፈሰው በዚህ ነውና። የለንደን ሰው ሁሉ የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። የአካባቢው ውኃ ከጠመኔና ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚመጣ ያንን ማዕድን ይዞ ይመጣል። በመስኮት ላይ ሲደርቅም እንዲሁ ነጭ ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ውኃው መጀመሪያ መጣራት አለበት። በውኃው ውስጥ የሟሟው ነገር ‹ቲ.ዲ.ኤስ. ሜትር› በሚባል የእጅ መሣሪያ ይለካል፤ እስክሪብቶ የሚያህል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሌላ ማናቸውንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ይህችን ገዝተው የቤትዎን ውኃ ይለኩ። ለንደን ላይ 300 አካባቢ ብታሳይዎ አይገረሙ። ለመስኮት የሚፈለገው ዜሮ ነው፤ ከ10 ካለፈ ነጠብጣቡ መታየት ይጀምራል።

ማጣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ‹ሬዚን› የሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች የተሞሉበት ጠርሙስ ነው፤ ውኃው በውስጡ ሲያልፍ ፍሬዎቹ ማዕድኑን ይዘው ያስቀሩታል፤ ሲጠግቡ ግን ተጥለው በአዲስ ይተካሉ። ሁለተኛው ‹ሪቨርስ ኦስሞሲስ›፣ ባጭሩ አር.ኦ. የሚባለው ነው፤ ውኃውን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ አብዛኛውን ማዕድን ያስቀራል፤ ማዕድኑን የያዘውን ውኃ ግን ወደ ፍሳሽ ይጥለዋል። የለንደን ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ያጣምራል፤ አር.ኦ.ው ከ300 ወደ 15 ያወርደዋል፤ የቀረውን ሬዚኑ ይጨርሰዋል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እናስላ። የ25 ሊትር ከረጢት ሬዚን 80 ፓውንድ ነው ብለን እንያዝ፤ እርስዎ የተጠየቁትን ዋጋ ይተኩበት። 300 በሚያሳይ ውኃ ላይ ይህ ከረጢት ወደ 2,000 ሊትር ንጹሕ ውኃ ቢሰጥ አንዱ ሊትር 4 ፔንስ ወጣበት ማለት ነው። አንድ መካከለኛ ቤት 20 ሊትር ቢፈጅ 80 ፔንስ ነው። በቀን 10 ቤት፣ በወር 20 ቀን ቢሠሩ የሬዚኑ ወጪ ብቻ 160 ፓውንድ ይደርሳል። ከፊቱ አር.ኦ. ቢገጥሙ ሬዚኑ ሃያ እጥፍ ስለሚቆይ ወጪው ወደ 8 ፓውንድ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ንጹሕ ሊትር ሌላ አንድ ሊትር ይጣላል ብንል እንኳ፣ አንዱን ሜትር ኩብ በ4 ፓውንድ ብናስብ፣ የተጣለው ውኃ በወር 16 ፓውንድ ነው። ስለዚህ 160 የነበረው 24 ሆነ፤ በወር 136 ፓውንድ ተረፈ። አር.ኦ.ው 300 ፓውንድ ቢፈጅ በሁለት ወር ከጥቂት ቀን ዋጋውን ይመልሳል።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ሁሉ በቀን 10 ቤት ላለው ሰው ነው። በቀን 2 ቤት ብቻ ይዞ ለጀመረው ትርፉ በወር 27 ፓውንድ ስለሆነ ያው 300 ፓውንድ አሥራ አንድ ወር ይፈጅበታል። ለእሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሬዚኑ ብቻ ይበቃዋል። መሣሪያው አንድ ነው፤ ለአንዱ ትርፍ፣ ለሌላው የታሰረ ገንዘብ የሚያደርገው የደንበኛው ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። በመካከላችን ምክር በስልክ ነው የሚሄደው። ግላስጎው ያለው የአጎት ልጅ ‹‹አር.ኦ. ምን ያደርግልሃል፤ እኔ በሬዚን ብቻ ስንት ዓመቴ›› ይላል። እውነቱን ነው። የግላስጎው ውኃ ከሎክ ካትሪን ሐይቅ የሚመጣ፣ በጣም ለስላሳ ውኃ ስለሆነ ንባቡ ብዙውን ጊዜ ከ50 በታች ነው፤ አንዱ ከረጢት ሬዚን ለንደን ላይ ከሚሰጠው ስድስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሰጠዋል። የእሱ ምክር ለእሱ ቧንቧ ትክክል ነው። ከዚህ የሄደ ሰው ቶተንሃም ላይ ቢከተለው ግን በየሁለት ሳምንቱ ከረጢት ሲገዛ ይገኛል።

ሻጮቹ የማያነሡት ደግሞ የት እንደምንኖር ነው። የማስታወቂያቸው ወረቀት ላይ ያለው ሰው ጋራዥ አለው፣ ግቢ አለው፣ ከደጁ ቧንቧ አለው። ከእኛ መካከል ስንቱ ነው ጋራዥ ያለው? በካውንስል ፍላት አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው አር.ኦ. ማለት የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ይዞ የሚያድር ነገር ነው። አነስተኛው ዓይነት በሰዓት 50 ወይም 60 ሊትር ያወጣል ቢባልም የክረምት ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባበት ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የሕንጻው ግፊት ደካማ ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን 25 ኪሎ ነው፤ ሊፍቱ ሲበላሽ በደረጃ ይወርዳል። እንዲህ ላለ ሰው ንጹሑን ውኃ በሊትር ከሚሸጡ ጣቢያዎች መግዛት ሊሻለው ይችላል። የጣቢያውን የሊትር ዋጋ ከላይ ካሰላነው ጋር ያስተያዩት፤ የሚነዱበትንም ነዳጅ ይጨምሩበት። ቤት ውስጥ ሊያጣሩ ከሆነም ለንግድ እንደሚጠቀሙበት ለውኃ ድርጅቱ ማሳወቅ ይገባል፤ የሚከራዩትን ቤት ውልም ያንብቡ።

ወደ ዘንጉ ልምጣ። ዘንግ ከፋይበር ግላስ፣ ከካርቦን ፋይበር ወይም ከሁለቱ ቅልቅል ይሠራል፤ የአሉሚኒየምም አለ። ፋይበር ግላሱ ርካሽ ነው፤ ግን ይከብዳል፤ ሲረዝምም ይለመጣል። ካርቦኑ ይቀላል፣ ይጠነክራል፣ ዋጋውም ያን ያህል ነው። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ርዝመት ነው፤ ‹‹ለማንኛውም ትልቁን ልግዛ›› ይላል። የእንግሊዝ ሁለት ፎቅ ቤት የላይኛው መስኮት በ20 ጫማ ዘንግ፣ ማለትም በ6 ሜትር፣ ይደረሳል። ጣሪያው ሥር ክፍል የጨመሩ ቤቶች ካሉብዎ እስከ 30 ጫማ ያስፈልግ ይሆናል። 45 ጫማ ዘንግ ግን የቢሮ ሕንጻ ለሚያጸዳ ነው፤ በመኖሪያ ቤት ላይ ሲጠቀሙበት ያልተዘረጉትን ወፍራም አንጓዎች ቀኑን ሙሉ በከንቱ ይሸከማሉ። በኋላ አንጓ የሚጨመርበትን ዓይነት ቢገዙ ይሻላል።

ሁለተኛው ስሕተት ዘንጉ ላይ መቆጠብ ነው። ሰባት ሺሕ ፓውንድ ለቫንና ለታንከር ከፍሎ ከባዱን ዘንግ የያዘ ሰው አይቻለሁ፤ ምክንያቱም ዘንጉ ሲገዛ ገንዘቡ አልቆ ነበር። ታንከሩን የሚሸከመው ቫኑ ነው፤ ዘንጉን ግን የሚሸከመው እርስዎ ነዎት፤ በየመስኮቱ፣ በቀን መቶ ጊዜ፣ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ። ከደንበኞቼ አንዱ በሁለተኛው ዓመት ትከሻው ታሞ አሥራ አንድ ሳምንት ከሥራ ቀረ። ለራሱ የሚሠራ ሰው አሠሪ የሚከፍለው የሕመም ደመወዝ የለውም። የእነዚያ ሳምንታት ገቢ በመዝገቡ ላይ ባዶ መስመር ሆኖ ቀርቷል፤ የቫኑ ወርኃዊ ክፍያ ግን በየወሩ ሳይጓደል ተቆርጧል። በዘንጉ ላይ የሁለት መቶ ወይም የሦስት መቶ ፓውንድ ልዩነት ከዚህ ጋር ሲታይ ምንም አይደለም።

ስለ ኤሌክትሪክ ሳልናገር አላልፍም። ካርቦንም አሉሚኒየምም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ፋይበር ግላስ ራሱ እርጥብ ሆኖ ውኃ ያለበት ጎማ በውስጡ ሲያልፍ አስተማማኝ አይደለም። ከቤቱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ያንን ቤት አይቀበሉ። ዘንጉን ከመዘርጋትዎ በፊት ቀና ብለው ማየትን ልማድ ያድርጉት። 15 ፓውንድ ለማትሞላ ሥራ ነፍስ አይከፈልም።

የውኃው ማጓጓዣ ሦስት ደረጃ አለው፤ በጀርባ የሚታዘል፣ በጎማ የሚገፋ ጋሪ፣ በቫን ላይ የተገጠመ ታንከር። የሚታዘለው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን 20 ሊትር ማለት ከነመሣሪያው ወደ 25 ኪሎ በጀርባ ማለት ስለሆነ ለጠባብ መግቢያና ለትንሽ ሥራ እንጂ ለዘወትር አልመክረውም። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ጋሪውን ነው። ባለ 25 ሊትር ጀሪካን፣ ትንሽ ፓምፕና ባትሪ ይይዛል፤ በቤት መኪናዎ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ከአራት አምስት መለዋወጫ ጀሪካኖች ጋር ይገባል። ይህ በቀን ለአምስት ቤት ይበቃል። ሚኒካብ የሚነዱ ወገኖቼ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የታክሲው ኢንሹራንስ መሣሪያ ጭነው ሌላ ሥራ ሲሠሩ ላይሸፍንዎ ስለሚችል ለኢንሹራንሱ ድርጅት ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ስለ ታንከሩ ደግሞ፤ አገር ቤት ‹ሮቶ› የምንለውን ዓይነት ቫን ውስጥ ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል። 400 ሊትር ውኃ 400 ኪሎ ነው፤ ታንከሩ፣ ብረቱ፣ ፓምፑ፣ የጎማው መጠቅለያና ሾፌሩ ሲጨመሩ ትንሽ ቫን ከሚፈቀድለት ጭነት ጋር ይጋፋል። የተፈቀደው ጭነት ከቫኑ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት ላይ ባዶ ክብደቱ ሲቀነስ የሚገኘው ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ይጠይቁ። ከዚያ በላይ መጫን ያስቀጣል። በገመድ ብቻ የታሰረ ታንከር ደግሞ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ከወንበርዎ ጀርባ 400 ኪሎ ሆኖ ይመጣል። ርካሽ አሮጌ ናፍጣ ቫን አግኝተው ከሆነ፣ ከኦገስት 29 ቀን 2023 ጀምሮ የአየር ብክለት ክፍያው መላውን ለንደን ይሸፍናል፤ ‹ዩሮ 6› ያልሆነ ናፍጣ በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። በወር 20 ቀን ቢሠሩ 250 ፓውንድ! በርካሽ ተገኘ የተባለው ቫን በዚህ ስንቱን እንዳስለቀሰ እኔ አውቃለሁ። ክረምት ላይም ውጭ የሚያድር ቫን ውስጥ ያለው ፓምፕና ማጣሪያ ውኃ እንደያዘ ከበረደ ይሰነጠቃል።

‹‹ሁሉም ከግብር ይቀነሳል›› ስለተባለው ልናገር፤ ይህ ሙያዬ ነውና። ይቀነሳል፤ ውሸት አይደለም። ግን ይቀነሳል ማለት መንግሥት ይከፍልልዎታል ማለት አይደለም። ትርፍዎ በዓመት 20,000 ፓውንድ ቢሆን፣ ለመሣሪያ ያወጡት እያንዳንዱ 1,000 ፓውንድ 200 ፓውንድ የገቢ ግብርና 60 ፓውንድ ናሽናል ኢንሹራንስ ያድንልዎታል። የቀረው 740 ፓውንድ ከኪስዎ ነው። ገና የጀመረው ሰው ሁኔታ ደግሞ የባሰ ነው። ሌላ ገቢ የሌለው ጀማሪ በመጀመሪያው ዓመት 6,000 ፓውንድ አተረፈ እንበል። እስከ 12,570 ፓውንድ ድረስ የገቢ ግብር ስለሌለበት ምንም አይከፍልም። 5,000 ፓውንድ መሣሪያ ገዝቶ ትርፉን ወደ 1,000 ቢያወርደው ግብሩ ምን ይሆናል? ዜሮ ነበር፤ አሁንም ዜሮ ነው። ያ ትልቅ ቅነሳ ምንም ሳያድንለት አለፈ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ትርፉ ሲያድግ ቢገዛው ኖሮ 1,300 ፓውንድ ያድንለት ነበር። ደመወዝ የሚያገኙበት ሌላ ሥራ ካለዎ ስሌቱ ይለያልና ከመፈረምዎ በፊት ሒሳብ አዋቂ ያማክሩ፤ እኔ ካልሆንሁ ሌላ።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበሉ ቤተሰቦች ደግሞ ይህን ይወቁ። አዲስ ለራሱ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የ12 ወር መነሻ ጊዜ ይሰጠዋል። ያ ካለፈ በኋላ መሥሪያ ቤቱ በሳምንት 35 ሰዓት በዝቅተኛው ደመወዝ እንዳገኙ አድርጎ ሊቆጥርብዎ ይችላል፤ በእውነት ያገኙት ከዚያ ቢያንስም። ስለዚህ ያ አንድ ዓመት ደንበኛ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። የቫን ዕዳ ለመሸፈን በሚኒካብ ሌሊት ሌሊት እየሠሩ፣ ቀን ቀን እየተኙ ከጨረሱት አሥራ ሦስተኛው ወር ሲመጣ ቫኑ አለ፤ ደንበኛ የለም።

ስለ መኖሪያ ፈቃድም ጥቂት ልበል። ስደተኝነታቸው ተቀባይነት ያገኘና በትዳር ቪዛ ያሉ በግላቸው መሥራት ይችላሉ። የተማሪ ቪዛ ያለው ግን ለራሱ ንግድ መሥራት አይችልም፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢሆንም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰውም የሥራ ፈቃድ ቢሰጠው እንኳ ተቀጥሮ ለመሥራት እንጂ ለራሱ ለመሥራት አይደለም። አንድ ዘመድዎ ‹‹በአንተ ስም ይሁንና እኔ ልሥራው›› ቢልዎ ወንድምነቱን ሳያስቀይሙ እምቢ ይበሉ፤ ለእሱም ጉዳዩን ያበላሽበታል፤ ለእርስዎም ያለ ፈቃድ ሰው ማሠራት ይሆናል።

በበኩሌ የተቃዋሚዎቼን ሐሳብ አልንቅም። ‹‹በጋሪ የሚመጣን ሰው ደንበኛ አያከብረውም፤ ጀሪካን ሲቀያየር ጊዜ ይባክናል›› ይሉኛል። የመጀመሪያውን አልቀበልም፤ የቤቷ ባለቤት የምታየው መስኮቷን ነው፤ በቀጠሮ መምጣትዎንም ትቆጥራለች። ሁለተኛው ግን እውነት ነው። ታንከር ያለው ሰው መቶ ሜትር ጎማ ስቦ መንገዱን ሙሉ ሲያጸዳ ባለ ጋሪው ሦስት ጊዜ ወደ መኪናው ይመለሳል። ስለዚህ ለታንከሩ ጊዜ አለው። በየቀኑ ውኃ አልቆብዎ የሚያሳድሩት ሁለት ሦስት ቤት ሲኖር፣ ይህም ለሦስት ተከታታይ ወር በመዝገብዎ ላይ ሲታይ፣ ያን ጊዜ ይግዙ፤ እኔም ወረቀቱን እሞላልዎታለሁ። ወርኃዊ ክፍያው 180 ፓውንድ ቢሆን፣ ቤቱን በ15 ፓውንድ ለሚያጸዳ ሰው 12 ቤት ነው። ለባለ ሁለት መቶ ደንበኛ ቀላል፤ ለባለ ሃያ ደንበኛ ከግማሽ በላይ። ክፍያው ደግሞ እርስዎ እናትዎን ለማየት ሁለት ወር አዲስ አበባ ሲቆዩም አይቆምም።

ስለ ኢንሹራንስ አንድ ነጥብ ብቻ። ‹ፐብሊክ ላያቢሊቲ› የሚባለው በሌላ ሰውና በንብረቱ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ የሚያጸዱት መስተዋት ራሱ ቢበላሽ ግን አንዳንዱ ውል አይሸፍንም። ‹‹የምሠራበት ዕቃ ራሱ ተካቷል ወይ?›› ብለው ይጠይቁ። አሮጌ የእንጨት መስኮትና በእርሳስ የተያያዘ መስተዋት ባለበት ቤት ይህ ጥያቄ ዋጋ አለው። እንደዚሁም ለዓመታት ያልታጠበ የፕላስቲክ መስኮት በመጀመሪያው ቀን ከፍሬሙና ከአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ቆሻሻ እያፈሰሰ መስተዋቱን ያጨማልቀዋልና ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ዋጋ ከፍ ያለ እንደሚሆን ለደንበኛው አስቀድመው ይንገሩት።

ወደ ሱቁ ሲሄዱ በሥራ ቀን ይሂዱ እንጂ በማሳያ ዝግጅት ቀን አይሂዱ። ዘንጉን ባዶውን አንሥተው ‹‹ቀላል ነው›› አይበሉ፤ ብሩሹ ተገጥሞ፣ ጎማው ውኃ ሞልቶ፣ እስከ ሚፈልጉት ርዝመት ተዘርግቶ አሥር ደቂቃ ይያዙት። አንዱ አንጓ ቢሰበር ወይም መቆለፊያው ቢላላ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ፣ ዋጋውንም ይጠይቁ፤ መለዋወጫ የሌለው ዘንግ አንድ አንጓ ሲሰበር ሙሉው ይጣላል። ከፊል ያገለገለ መሣሪያ የሚገዙ ከሆነ የቲ.ዲ.ኤስ. ሜትርዎን ይዘው ሄደው ከማጣሪያው የሚወጣውን ውኃ ፊት ለፊታቸው ይለኩ። ደረሰኙን በራስዎ ስም ያስጽፉ፤ በዕቁብ ገንዘብ በጥሬው ቢከፍሉም። ሒሳብዎን የግብር መሥሪያ ቤቱ ቢጠይቅ የሚያሳዩት እሱን ነው፤ ዓመታዊው ማስታወቂያ ከሚገባበት ከጃንዋሪ 31 በኋላ ገና አምስት ዓመት መቀመጥ አለበት። በሙቀት የሚታተመው ቀጭን ወረቀት ቫን ውስጥ ከዋለ በጥቂት ወር ደብዝዞ ባዶ ይሆናልና የገዙ ዕለት ማታ ኮፒ አድርገው ያስቀምጡት።